አቅኚው ስንት ወለደ?

በርስት ሙግት ዘመን የላስታ ባላገር ችሎት ፊት ቆሞ አባቱን ይቆጥር ነበር። አውራ ጣቱን በሌሎቹ ጣቶቹ አንጓ ላይ እያሳለፈ «እከሌ እከሌን ወለደ፣ እከሌም እከሌን ወለደ» እያለ ይወርዳል። መነሻው አቅኚው ነው፤ ዱሩን መንጥሮ መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው ሰው። መድረሻው ከሳሹ ራሱ። መሐል ላይ አንዱ አንጓ ከተዘለለ ማሳው አብሮ ይዘለላል።

ቅድመ አያቱ ጋሪ ጭኖ ወደ ምዕራብ የሄደ አሜሪካዊ ይህን ድካም አያውቀውም። አገሩ እ.ኤ.አ. ከ1790 ጀምሮ በየ10 ዓመቱ ሕዝብ ቆጥሯል፤ ከ1850 ወዲህ ደግሞ መዝገቡ የእያንዳንዱን ነፃ ሰው ስምና የተወለደበትን ግዛት ይዟል። የበኩር ልጅ ኦሃዮ፣ ታናሹ ሚዙሪ ተወለዱ ከተባለ ጋሪው የት የት እንዳደረ ከልጆቹ መንገዱን መልቀም ይቻላል። የእኛ የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው ግንቦት 1976 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ያለውን የያዘው የሽማግሌ አፍና የቤተ ክርስቲያን ብራና ነው።

የሽማግሌው አፍ ይህን ያህል የጠነከረው ደመወዝ ስለነበረው ነው፤ ደመወዙም መሬት። ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ስለነበር አንድ ሰው በአባቱ በኩል አንድ ደብር፣ በእናቱ እናት በኩል ደግሞ ሌላ ደብር ሄዶ ድርሻዬን ማለት ይችል ነበር። መሄድ መብት አያስቀርም ነበር፤ «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚባለው ለዚህ ነው። ተከዜን ተሻግሮ ጋይንት ወይም ጣና ዳር የቀረ ሰው የልጅ ልጁ ተመልሶ ሊሟገት ይችል ነበር። ስለዚህ የሄደው ቆጠራውን ለልጁ ያስጠና ነበር።

የቀረው ግን እንዲያስታውስ የሚገፋው ነገር አልነበረም። እንዲያውም መርሳት ይጠቅመው ነበር። የሙግቱ እምብርት ብዙ ጊዜ ታች ያሉት የቅርብ ስሞች ሳይሆኑ ላይኛው ጥያቄ ነበር፤ አቅኚው ስንት ወለደ? አራት ከሆኑ መሬቱ ለአራት ይከፈላል። ከሩቅ የመጣው እንግዳ «የእኔ አባት አምስተኛው ነው» ካለ የሁሉም ድርሻ ይሳሳል። ያ አምስተኛው ልጅ ከቆጠራ የጠፋው በእርጅና ብቻ ነው ብዬ አላምንም። የሄደን አያት የሚፈልግ ሰው እንግዲህ የቀሩትን ዘመዶች ሲጠይቅ የባላንጣን ቃል እንደሚሰማ ዳኛ መሆን አለበት።

ብራናውስ? የመሬት ስጦታና ስምምነት የሚጻፈው በወንጌሉ ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ነበር፤ ቅዱሱን መጽሐፍ ፍቆ ለመዋሸት የሚደፍር አይኖርም ተብሎ። ንጉሥ ላሊበላ ራሱ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ላለው ለሐም ደብረ ሊባኖስ የሰጠው መሬት በገዳሙ ወንጌል ላይ ሰፍሮ ይገኛል። በኋላ ዘመን የተራ ሰዎች ውል፣ የምስክሮች ስም ዝርዝርና ቃሉን ባፈረሰ ላይ የሚወርደው ግዝት ተጨመረ። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ከ9,000 በላይ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተው ቅጂያቸው ሚኒሶታ ተቀምጧል፤ የላስታ ልጅ የአያቱን ስም አሜሪካ ሄዶ ሊያነብ ይችላል ማለት ነው።

ካወቀው ነው እንጂ። ጸሐፊው ብዙውን ጊዜ የሚመዘግበው የክርስትና ስም ነው። መንደሩ በዓለም ስሙ የሚጠራው ሰው ብራናው ላይ ወልደ ሚካኤል ይሆናል፤ ወልደ ሚካኤል ደግሞ በየደብሩ ሞልቷል። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ስለሌለን ከጥቂት ትውልድ በኋላ የአያት ስም ይጠፋል። ቀኑም «በዘመነ ማርቆስ» ካለ ዘመነ ማርቆስ በ4 ዓመት አንዴ የሚመለስ ነው፤ አጠገቡ የንጉሥ ወይም የአገረ ገዥ ስም ከሌለ የትኛው ማርቆስ እንደሆነ ማን ይለያል?

ከላስታ ወደ ምዕራብ ስለመሄድ ሲነሣ ከሁሉ የገነነው ትውፊት የአዊ አገው ነው። ሰባት ወንድማማች ከላስታ ተነሥተው ጎጃም ገቡ፤ አንከሻ፣ ባንጃ፣ ዚገም፣ መተከል እና ሌሎቹ በየስማቸው አገር አቀኑ ይላል። «ሰባት ቤት አገው» የሚለው መጠሪያ ከዚያ ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ፈረስ የሚያሰልፈው የፈረሰኞች ማኅበርም ይህንኑ ስም ይዟል። ስማቸው ሁሉ የቦታ ስም የሆነ ወንድሞች ሲገጥሙኝ እኔ በግሌ እጠራጠራለሁ፤ ቦታው ሰውየውን ወልዶት ይሆናል። ቋንቋው ግን የራሱን ምስክርነት ይሰጣል። የአዊዎቹ አውንጊና የላስታ ጎረቤቶች የዋጎቹ ኽምጣንጋ የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸው አያከራክርም። ሆኖም ሁለቱ ሲያወሩ አይግባቡም፤ የቋንቋ ሊቃውንትም አውንጊን ከሌሎቹ የአገው ቋንቋዎች ለብቻው ያቆሙታል። ዝምድናው እውነት ነው፣ መለያየቱ ግን የሰባት ወንድሞች አንድ ጉዞ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ሩቅ ይመስላል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን አባት ቆጣሪው ሥራ ፈታ። የቀረው የጋብቻ ቆጠራ ነው፤ ልጅና ልጅ ከመተጫጨታቸው በፊት እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ሰባት ቤት ግን አቅኚው ዘንድ አያደርስም።

ከአዋጁ 10 ዓመት በኋላ፣ በ1977ቱ ድርቅ፣ ላስታ ካለችበት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው በመንግሥት ሰፈራ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተወሰደ። የወሎ ሰው ከሰፈረባቸው ቦታዎች አንዱ የበለስ ሸለቆ፣ ፓዌ ነው፤ አገሩም መተከል፣ በትውፊቱ የአንዱ ወንድም ስም። መንደሮቹ በአቅኚ ስም አልተጠሩም፤ ቁጥር ተሰጣቸው። አሁን እዚያ ለልጁ ሽማግሌ የሚልክ አባት ቆጠራውን ከመንደር ቁጥር ይጀምርና ሁለት ሦስት ስም እንደወረደ ላስታ ይደርሳል።