ስለ ረቂቃን የደዌ ዘሮችና መልካቸውን ስለ ገለጠች ስለ ጁን አልሜዳ

የሰው ዓይን ብዙ ነገር ያያል፤ ነገር ግን ከሚያየው ይልቅ የማያየው ይበዛል። አባቶቻችን ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ከበሽተኛ መራቅን፥ መንደሩንም ለቆ ወደ ሌላ ስፍራ መሄድን ያውቁ ነበር፤ ደዌው ከሰው ወደ ሰው እንዲተላለፍ በማስተዋል ደርሰውበት ነበርና። የሚተላለፈው ነገር ራሱ ምን እንደ ሆነ፥ መልኩም ምን እንደሚመስል ግን ያየ አልነበረም። በዚህ ጽሑፍ ይህን የማይታይ ነገር ለዓይን እንዲታይ ካደረጉት ሊቃውንት አንዲቱን፥ ስኮትላንዳዊቱን ጁን አልሜዳን እናስታውቃለን። ዘመኑም፥ የአገራችን ነው ካላልን በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፈ ነው።

ቫይረስ የሚለው ስም ከላቲን ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜው መርዝ ማለት ነው። ቫይረስ ብቻውን ሳለ አይበላም፥ አይራባምም፤ ወደ ሰው ወይም ወደ እንስሳ ሰውነት በገባ ጊዜ ግን ሴል በሚባሉት ጥቃቅን የሰውነት ክፍሎች ውስጥ አድሮ፥ እነርሱን እንደ ባሪያ እያሠራ ራሱን ያበዛል። ስለ ታናሽነቱም ለመናገር፥ አንድ ሚሊሜትር ለ10000 ቢከፈል ከክፍሎቹ አንዱ የአንድ ኮሮና ቫይረስን ስፋት ያህላል። ስለዚህ በብርሃን የሚሠራው አጉሊ መነጽር ምንም ቢያጎላ ይህን አጥርቶ ለማሳየት አይችልም፤ የብርሃን ሞገድ ራሱ ከቫይረሱ ይልቅ ሰፊ ነውና።

ስለዚህ ነገር ሊቃውንት በብርሃን ፈንታ ኤሌክትሮን በሚባሉ ረቂቃን የሚያይ ሌላ መነጽር ሠሩ፤ ስሙም ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይባላል። ነገር ግን መነጽሩ ብቻውን አይበቃም፤ ቫይረሱ ከዙሪያው እንዲለይ ቀለም ያስፈልገዋል። በብራና ላይ አንድ የገብስ ቅንጣት አኑረን በዙሪያው ቀለም ብናፈስስ፥ ቅንጣቱ በጥቁሩ መካከል ነጭ ሆኖ ይታያል። እንዲሁም ሊቃውንቱ ከከባድ ማዕድን የተሠራ ቀለም በቫይረሱ ዙሪያ ያፈስሳሉ፤ በዚያን ጊዜ ዙሪያው ጨለማ፥ ቫይረሱ ግን ብሩህ ሆኖ ይገለጣል። በዚህ ጥበብ እጅግ ከሠለጠኑት አንዲቱ ጁን አልሜዳ ነበረች።

ጁን አልሜዳ በ1930 ዓ.ም. በስኮትላንድ አገር በግላስጎ ከተማ ተወለደች። አባቷ የአውቶቡስ ነጂ ነበረ። በትምህርቷ ጎበዝ ብትሆንም ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ገንዘብ ስላልነበራት በ16 ዓመቷ ትምህርት ቤት ለቀቀችና በከተማው ሐኪም ቤት በቤተ ሙከራ ረዳትነት ተቀጠረች። በዚያም ከበሽተኞች የተወሰደውን የሥጋ ቁራጭ በመነጽር መመልከትን ተማረች። ኋላም ወደ ለንደን፥ ካገባችም በኋላ ወደ ካናዳ ሄዳ፥ በቶሮንቶ ከተማ በኦንታሪዮ የካንሰር ኢንስቲትዩት የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሥራ ያዘች። በዚያ ቦታ ሰው የሚመዘነው ይልቁንም በእጁ ሥራ ስለ ነበረ፥ የዩኒቨርሲቲ ማዕርግ ሳይኖራት ከሊቃውንት ጋራ ስሟን አስተባብራ መጻፍ ጀመረች።

ከሥራዋ ሁሉ የሚደነቀው ይህ ነው። ሰው ታምሞ በዳነ ጊዜ በደሙ ውስጥ ያንኑ ደዌ ለይቶ የሚይዝ ጠባቂ ይቀራል፤ ይህንም ሊቃውንት አንቲቦዲ ይሉታል። ጁን አልሜዳ የዳነ ሰው ደም ውሃ ከቫይረሱ ጋራ ብትቀላቅል፥ አንቲቦዲው የተበታተኑትን ቫይረሶች እየያዘ በአንድነት ሲያከማቻቸው በመነጽሩ አየች። አንድ ብቻውን የቆመ ቫይረስ ከአቧራ ጋራ ይሳሳታል፤ ተከማችተው የተያዙት ግን አያሳስቱም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለ፥ ጠባቂዎቹ አብረው ጠላታቸውን አስረው ለተመልካች ሰጡት ማለት ነው።

በ1964 ዓ.ም. ወደ ለንደን ተመልሳ በቅዱስ ቶማስ ሐኪም ቤት መሥራት ጀመረች። በዚያን ዘመን ዶክተር ዴቪድ ቲሬል የሚባል ሐኪም በእንግሊዝ አገር በሶልስበሪ ከተማ አጠገብ ጉንፋንን ይመረምር ነበር። በ1960 ዓ.ም. በአዳሪ ትምህርት ቤት ካለ ጉንፋን ከያዘው ተማሪ አፍንጫ የተወሰደና ቢ814 የሚል ምልክት የተሰጠው ናሙና በእጁ ነበረ። ይህ ናሙና በፈቃዳቸው በቀረቡ ሰዎች አፍንጫ ሲጨመር ጉንፋን ያስይዛቸዋል፤ ነገር ግን በተለመደው መንገድ በቤተ ሙከራ አላድግ አለ። ከብዙ ድካም በኋላ በሰው የመተንፈሻ ቧንቧ ቁራጭ ላይ ሊያሳድገው ቻለና፥ ብዙ ተስፋ ሳያደርግ ለጁን አልሜዳ ላከላት።

እርስዋም አየችው፤ በዙሪያውም እንደ አክሊል የቆመ ጫፍ ጫፍ ነበረበት። ይህን የመሰለ ነገር አስቀድማ በአይጥ የጉበት በሽታና በዶሮ የመተንፈሻ በሽታ አይታ ነበር። ነገር ግን ስለዚያ ጽፋ በላከች ጊዜ፥ ጽሑፍ መርማሪዎቹ ሥዕሉ በደንብ ያልተነሣ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ነው ብለው መልሰውባት ነበር። እርስዋ አልተከራከረችም፥ ሥራዋንም አልተወችም፤ ሥዕሎቿን አኖረቻቸው። አሁን የሰው ናሙና በመጣ ጊዜ የሦስቱ መልክ አንድ ሆኖ ተገኘ፤ በ1967 ዓ.ም.ም ከቲሬል ጋራ ሥዕሉን አሳትማ ገለጠች። አለቃዋ ፕሮፌሰር ዋተርሰን፥ ቲሬልና እርስዋ ስም ሊያወጡለት በተማከሩ ጊዜ ኮሮና አሉት፤ ይኸውም በላቲን አክሊል ማለት ነው። ስሙም በ1968 ዓ.ም. በታተመ ጽሑፍ ለሊቃውንት ሁሉ ተነገረ።

ከዚህም በቀር ፅንስን የሚጎዳውን የሩቤላን ቫይረስ መልክ አሳየች፤ የጉበት በሽታ የሚያመጣው ሄፓታይተስ ቢ ቫይረስም ልብሱና ውስጡ የተለያዩ ሁለት ክፍሎች እንደ ሆኑ ገለጠች። በ16 ዓመቷ ትምህርቷን ያቋረጠችው ልጅ፥ ስለ ጻፈቻቸው ሥራዎች ብቻ በ1971 ዓ.ም. ከለንደን ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለች። በ2007 ዓ.ም. ዐረፈች።

በመልካቸው ስም የወጣላቸው ሌሎችም ቫይረሶች አሉ። በ1970 ዓ.ም. ሊቃውንት አሬና ቫይረስ የሚባለውን ወገን ሰየሙ፤ አሬና በላቲን አሸዋ ማለት ነው፥ በቫይረሱ ውስጥ እንደ አሸዋ ያለ ቅንጣት ይታያልና። የእነዚህ ብዙዎቹ ማደሪያቸው አይጥ ነው። በ1969 ዓ.ም. በናይጄሪያ ላሳ በምትባል ከተማ አንዲት የሚሲዮን ነርስ በማይታወቅ ትኩሳት ታማ ሞተች፤ ደዌው ያስታመሙአትንም ያዘ። በአሜሪካ ናሙናውን የመረመረው ዶክተር ጆርዲ ካሳልስም ራሱ ታመመ፤ ነገር ግን ከደዌው ከዳነች ሌላ ነርስ የተወሰደ የደም ውሃ ተሰጥቶት ዳነ። ይህም ከላይ የተናገርነው አንቲቦዲ ለመነጽር ብቻ ሳይሆን ለሕይወትም እንዲጠቅም ያስረዳል። የላሳ ቫይረስ በምዕራብ አፍሪካ የሚገኘው በቤትና በጎተራ ከሚኖር አይጥ ነው፤ ሽንቱና ኩሱ በእህል ላይ ሲወድቅ ሰው ይታመማል።

በ2019 ዓ.ም. መጨረሻ በቻይና አገር አዲስ የሳንባ በሽታ በተነሣ ጊዜ፥ ሊቃውንት በመነጽር ቢመለከቱት ያው አክሊል ተገኘበት። በአገራችንም መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው በሽተኛ ተገለጠ፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው፥ ዓይኔ ያላየውን እንዴት ልፍራ እያለ ምክርን ቸል ብሏል። ስለዚህ መምህራንና ሽማግሎች ሦስት ነገር እንዲያስተምሩ ይገባል።

1ኛ፤ ኮሮና ቫይረስም አሬና ቫይረስም ልብሳቸው የስብ ነው። ቅቤ የነካው ዕቃ በውሃ ብቻ እንዳይጠራ፥ በሳሙና ግን እንዲጠራ ተማሪው በዓይኑ ያየዋል፤ ሳሙና የቫይረሱንም ልብስ እንዲሁ ይፈታዋል። እጅን በሳሙና መታጠብ የሚጠቅምበት ምክንያቱ ይህ ነው።

2ኛ፤ እህልና ምግብን ከድኖ ማኖር፥ ጎተራንም ከአይጥ መጠበቅ ለሀብት ብቻ ሳይሆን ለጤናም ነው። አይጥ የቀመሰውንም ለልጅ አለመስጠት ይገባል።

3ኛ፤ በድህነት ምክንያት ትምህርቱን የሚያቋርጥ ልጅ ዕውቀቱ በዚያው እንደ ቀረ አይቈጠር። የመጣውን ልጅ ዓይኑ ጥሩ፥ እጁም ትጉህ እንደ ሆነ መምህሩ ይመልከት፤ ከወላጆቹም ጋራ ተማክሮ እስከሚቻለው ድረስ በትምህርቱ ያቆየው። ካልተቻለም ሥራ በሚማርበት ቦታ እንዲገባ ይርዳው። የግላስጎው ሐኪም ቤት ለአንዲት የ16 ዓመት ልጅ ሥራ ባይሰጣት ኖሮ፥ የኮሮናን መልክ ያሳየች ዓይን ሳትሠለጥን ትቀር ነበር።