ሁለት ታክሲ፣ አንድ ባቡር፦ ኮሪያ ራሷን የምትጠይቅበት ሲኒማ

ምሽት ላይ፣ ሴኡል ከተማ ውስጥ፣ አንድ ሰው ታክሲ ይሳፈራል። በአንድ የሒሳብ አዋቂ ቢሮ ተቀጥሮ የሚሠራ ጸሐፊ ነው። ሲያሠቃየው የከረመውን ጥርሱን በዚያው ዕለት አስነቅሏል፤ ደሙ ገና አልቆመም። ለሹፌሩ መጀመሪያ የሰፈሩን ስም ይነግረዋል። ጥቂት እንደሄዱ ሐሳቡን ይለውጥና ወደ ሆስፒታል ይለዋል፤ ሚስቱ እዚያ በወሊድ ሞታበታለች። ወዲያው ደግሞ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይላል፤ ወንድሙ ባንክ ዘርፎ ተይዞ እዚያ ታስሯል። ጣቢያው በር ላይ ሲደርሱ ግን አይወርድም፤ ንዳው ይላል። ወዴት እንደሆነ ራሱም አያውቅም። ሹፌሩ ዒላማ የሌለው ጥይት ጫንኩ ብሎ ያጉረመርማል።

የፊልሙ ርዕስ የመጣው ከዚሁ አባባል ነው። “ኦባልታን” ይባላል፤ ዳይሬክተሩ ዩ ህዩን ሞክ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1961 ለእይታ በቃ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩትን ታላላቅ የኮሪያ ፊልሞች ስመለከት፣ ብዙዎቹ የዚያን ተሳፋሪ ጥያቄ ሲመልሱ የኖሩ ይመስለኛል። ወዴት ነው የምንሄደው? ይህን ለመመለስ ደግሞ ከየት እንደመጡና በመንገድ ላይ ምን እንዳደረጉ መጠየቅ ነበረባቸው።

የጸሐፊው ቤተሰብ የሚኖረው ሄባንግቾን በሚባል ሰፈር ነው። ትርጉሙ የነጻነት መንደር ማለት ነው፤ በውስጡ የሰፈሩት ግን ከሰሜን የተፈናቀሉ ድሆች ናቸው። በኮሪያ ጦርነት አእምሮዋ የተነካ እናቱ ከተኛችበት ሳትነሣ ቀን ከሌት “እንሂድ!” እያለች ትጮኻለች። መሄድ የምትፈልገው ወደ ቀዬዋ ነው፤ ቀዬዋ ግን ከተዘጋው ድንበር ማዶ ቀርቷል። ይህች እናት ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ሩቅ አይደለችም። የቃኘው ሻለቃ ጦር በ1951 ቡሳን ወደብ የደረሰው እሷን ባፈናቀለው ጦርነት ሊዋጋ ነው። ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በየተራ ዘምተው ከ120 በላይ ወድቀዋል፤ መታሰቢያቸውም ቹንቾን ከተማ ቆሟል። እኛ ጦርነቱን የምናስታውሰው በጀግኖቻችን ገድል ነው። “ኦባልታን” የሚያሳየን ተኩሱ ከቆመ በኋላ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የቀረውን ነው።

ፊልሙ ሊሠራ የቻለው ክፍተት ስለተገኘ ነው። በሚያዝያ 1960 የተማሪዎች አመፅ ፕሬዚዳንት ሲንግማን ሪን ከሥልጣን አወረደ፤ በግንቦት 1961 ጄኔራል ፓርክ ቹንግ ሂ መንግሥት ገለበጡ። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ሳንሱሩ ላላ ብሎ ነበር። መፈንቅለ መንግሥቱ እንደተሳካ “ኦባልታን” ታገደ። የእናቲቱ ጩኸት ወደ ሰሜን እንሂድ የሚል ቅስቀሳ ነው ተብሎ እንደተተረጎመ ይነገራል። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን የፊልም ሠሪው ድርሰት ካሜራ ከመነሣቱ በፊት፣ ፊልሙም ከመታየቱ በፊት ይመረመር ነበር። ፓርክ በ1979 በገዛ የስለላ ሹማቸው እጅ ተገደሉ፤ በታኅሣሥ ወር ደግሞ ጄኔራል ቹን ዱ ህዋን ጦሩን ተቆጣጠሩ። በግንቦት 1980 ጓንግጁ ከተማ ላይ የተነሣውን የዴሞክራሲ ጥያቄ ወታደሮች በጥይት መለሱት። ስለዚያ እልቂት በይፋ መናገር ለዓመታት የሚያስቀጣ ነገር ሆነ።

በሩ የተከፈተው ደረጃ በደረጃ ነው። በ1987 የሕዝቡ ሰልፍ ቀጥተኛ የፕሬዚዳንት ምርጫን አስገኘ። በ1996 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ የፊልም ቅድመ ምርመራ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይቃረናል ብሎ ወሰነ። በዚያው ዓመት የቡሳን ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ተጀመረ። አፉ የተፈታ ሲኒማ መጀመሪያ የሚያደርገው ጠላትን መክሰስ ነው ብለን እንጠብቅ ይሆናል። የሊ ቻንግ ዶንግ “ፔፐርሚንት ካንዲ” ግን ወደ ቤት ውስጥ ዞረ።

ፊልሙ የሚጀምረው በ1999 ነው። ዮንግ ሆ የሚባል፣ በኢኮኖሚ ቀውስ የከሰረ ጎልማሳ የባቡር ድልድይ ላይ ወጥቶ፣ ወደ ድሮዬ መመለስ እፈልጋለሁ ብሎ እየጮኸ በሚመጣው ባቡር ፊት ይቆማል። ከዚያ ታሪኩ የኋሊት ይጓዛል። በምዕራፎቹ መካከል ባቡር ሐዲዱን ይዞ ሲሄድ እናያለን። በጎኑ ያሉት መኪኖችና ሰዎች ግን ወደ ኋላ ይራመዳሉ፤ ፊልሙ ተገልብጦ እየተጠቀለለ መሆኑ የሚገባን ያኔ ነው። በ1987 ዮንግ ሆ ተማሪ የሚያሠቃይ ፖሊስ ነው። በ1980 ጓንግጁ የተላከ ተራ ወታደር ነው። ከረሜላ ፋብሪካ የምትሠራው ፍቅረኛው ከደብዳቤ ጋር የላከችለት የሜንታ ከረሜላ፣ ጦሩ በጥድፊያ ሲጠራ መሬት ላይ ተበትኖ በጫማ ይደቀደቃል። በዚያች ሌሊት፣ ጨለማ በዋጠው የባቡር ጓሮ፣ ወደ ቤቷ ልትሄድ የምትለምነውን ተማሪ ሊያስመልጣት ብሎ ሲተኩስ ይገድላታል። በመጨረሻው ምዕራፍ፣ በ1979፣ አበባ ፎቶ ማንሣት የሚመኝ ለጋ ወጣት ሆኖ እናገኘዋለን።

የአተራረኩ ጥበብ እዚህ ላይ ነው። ታሪኩ ወደ ፊት ቢነገር ኖሮ፣ ደግ ልጅ ክፉ ሆነ ብለን አዝነን በወጣን ነበር። ወደ ኋላ ስለተነገረ ግን መጀመሪያ ሰውየውን እንጠላዋለን፤ ቀጥሎ ማን እንዲህ እንዳደረገው ለማወቅ እንገደዳለን። የሃያ ዓመት የአገር ታሪክ በአንድ ሰው ጠባይ ላይ ተጽፎ ይነበባል። ሆኖም አንድ ነገር ይቆረቁረኛል፤ ገዳዩ እንዲህ ተብራርቶ ሲታዘንለት ሟቿ ተማሪ ስም እንኳ የላትም። ፊልሙ የአጥፊውን ቁስል እንጂ የተበዳዩን ሕይወት አልነገረንም።

ሁለተኛው ታክሲ የመጣው በ2017 ነው። በጃንግ ሁን “ኤ ታክሲ ድራይቨር” ውስጥ ሶንግ ካንግ ሆ የሚጫወተው ሹፌር ሚስቱ የሞተችበት፣ ኪራይ የተጠራቀመበት አባት ነው። ሳውዲ አረቢያ በረሃ ላይ የጉልበት ሥራ ሠርቶ የተመለሰ ሰው ስለሆነ፣ ሰልፍ የሚወጡት ተማሪዎች የጠገቡ ይመስሉታል። መቶ ሺህ ዎን አገኛለሁ ብሎ ጀርመናዊውን ጋዜጠኛ ዩርገን ሂንትስፔተርን ይዞ በእልቂቱ ቀናት ጓንግጁ ይገባል። የሚያየውን አይቶ፣ ለልጁ ብሎ፣ ተሳፋሪውን ጥሎ ይወጣል። ሱንቾን ከተማ ላይ ምግብ ቤት ተቀምጦ ሰዎች ከዜና የሰሙትን ውሸት ሲያወሩ ይሰማል። እመቤቲቱ በእጅ የተጠቀለለ ሩዝ ትሰጠዋለች። ጓንግጁ ውስጥ አንዲት ወጣት የሰጠችው ሩዝም እንዲሁ የተጠቀለለ ነበር። ያንን እያላመጠ ልቡ ይሰበራል፤ መኪናውን ያዞራል። ለልጁ ስልክ ደውሎ የሚነግራት ተሳፋሪ ትቶ እንደመጣ ብቻ ነው። ይህ ሰው ፖለቲካ አልገባውም፤ የገባው የሥራው አደራ ነው። ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ሲኒማ ቤት ገብተው አይተውታል።

በእውነተኛው ታሪክ ሂንትስፔተር ያን ሹፌር ለዓመታት ፈልጎ ሳያገኘው በ2016 አረፈ። ፊልሙ ከታየ በኋላ ግን የሹፌሩ ልጅ ብቅ አለ፤ አባቱ በ1984 መሞቱም ታወቀ። ሲኒማው በምናብ የሞላው ቀዳዳ እውነተኛውን ሰው ጎትቶ አወጣ።

በኅዳር 2023 የቹንን የ1979 መፈንቅለ መንግሥት ሌሊት የሚተርክ ፊልም ወጣና 13 ሚሊዮን ያህል ተመልካች አየው። ዓመት አልፎ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2024 ማታ፣ ፕሬዚዳንት ዩን ሱክ ዮል ወታደራዊ ሕግ አወጁ። ነዋሪዎች ወደ ምክር ቤቱ በር ሮጡ፤ እንደራሴዎች አጥር ዘለው ገቡ፤ አዋጁ በሰዓታት ውስጥ በ190 ድምፅ ተሻረ። ፊልም አገር አያድንም። ነገር ግን በ1980 ያልተወለዱ ወጣቶች ወታደር አደባባይ ሲወጣ ምን እንደሚከተል ያውቁ ነበር፤ ካስተማሯቸው መካከል ሲኒማው አንዱ እንደሆነ አልጠራጠርም።

ለመጀመሪያው ታክሲ ተሳፋሪ፣ ሁለተኛው ሹፌር መልስ ሰጥቶታል፤ መንገድ ሲጠፋ የተውከው ሰው ወዳለበት ተመለስ። የእናቲቱ ጥያቄ ግን አልተመለሰም። በ1953 የተፈረመው የተኩስ አቁም ዛሬም ሰላም አልሆነም፤ ወሰኑ እንደተዘጋ ነው። “እንሂድ!” ያለችው ያች ሴት አሁንም ትጣራለች።