ከጭላሎ እስከ ጥቁር ባሕር፦ አንድ ዝርያ ሁለት የሚሆንበት መንገድ

በአርሲ፣ በጮሌም ሆነ በአሰላ ዙሪያ አይጥ የገብስና የስንዴ ጠላት ናት። የዘረ መል ተመራማሪዎች ግን ከእርሷ ትልቅ ትምህርት ቀስመዋል፤ አንድ የዘር ሐረግ ቀስ በቀስ ተከፍሎ ሁለት ዝርያ እንዴት እንደሚሆን።

በዚህ ረገድ ከሁሉ በላይ የተጠናችው የቤት አይጥ ናት። የዘር ግንዷ ከ300 ሺህ እስከ 500 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት በእስያ ምድር መከፋፈል ጀመረ። ዋና ዋናዎቹ ንዑሳን ዝርያዎች ሦስት ናቸው፦ ዶሜስቲከስ ወደ ምዕራብ፣ ሙስኩለስ ወደ ሰሜን፣ ካስታኒየስ ወደ ደቡብ እስያ ተሰራጩ። ዶሜስቲከስ ከሰው ጋር መኖር የጀመረችው ከእርሻ በፊት ነው፤ በምሥራቅ ሜዲትራኒያን አዳኝና ለቃሚ ሕዝቦች በከተሙባቸው ሥፍራዎች 15,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ ጥርሶቿ ተገኝተዋል። ኋላም በመርከብ ጭነት ተደብቃ ዓለምን አዳረሰች።

ዶሜስቲከስና ሙስኩለስ አውሮፓ ላይ ዳግም ተገናኙ። ከዴንማርክ እስከ ጥቁር ባሕር በተዘረጋ ጠባብ ቀጠና ዛሬም ይዳቀላሉ፤ ይሁንና አንዱ ሌላውን አልዋጠም። ምክንያቱ ከብዙዎቹ ዲቃላ ወንዶች የመራባት ችግር ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ተመራማሪዎች ለዚህ ተጠያቂ ከሆኑት ዘረ መሎች አንዱን፣ ፒ አር ዲ ኤም 9ን፣ ለዩ። ይህ ዘረ መል የዘር ህዋስ በሚሠራበት ጊዜ የእናትና የአባት ክሮሞዞሞች ቁራጭ የሚለዋወጡበትን ቦታ ይወስናል። ለረጅም ዘመን ተለያይተው የኖሩ የዘር ሐረጎች ክሮሞዞሞች በዲቃላው ውስጥ በአግባቡ መጣመር ሲያቅታቸው የዘር ህዋሱ ሳይበስል ይቀራል። የመለያየት ዘመን ሲረዝም ሁለቱን የሚለያየው ግንብ ከውስጥ ይገነባል ማለት ነው።

አርሲም የራሷ ታሪክ አላት። አሜሪካዊው ቻይልድስ ፍሪክ እ.ኤ.አ. በ1914 ከጭላሎ ተራራ በተገኘ ናሙና መሠረት ስቴኖሴፋሌሚስ አልቦካውዳታ የተባለችውን ነጭ ጅራት አይጥ ለሳይንስ አስተዋወቀ። ይህች ብርቅዬ አይጥ የምትኖረው ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ፣ በአርሲና በባሌ ውርጫማ ከፍታዎች ብቻ ነው። ዘመዶቿ ከፍታን ተከፋፍለው ይኖራሉ፤ አንዷ በጫካው፣ ሌላዋ በአስታው ቀጠና፣ እርሷ ደግሞ ከሁሉም በላይ። እ.ኤ.አ. በ2020 ከሸለቆው በስተምዕራብ ካሉት ከፍታዎች ስቴኖሴፋሌሚስ ዚማይ የተባለች ሌላ ዝርያ ተጨምራለች።

እነዚህን ዝርያዎች የለያያቸው ቆላማው ስምጥ ሸለቆ ብቻ አልነበረም፤ የአየር ንብረት መፈራረቅም ነበር። በበረዶ ዘመን የባዳ ተራራ አናት በግግር በረዶ ተሸፍኖ ነበር። ያኔ የውርጩ ሣር ወደ ታች ሲወርድ አይጦቹ ተቀራረቡ፤ አየሩ ሲሞቅ ደግሞ በየተራራው አናት ተነጥለው ቀሩ። የቼኩ ተመራማሪ ዮሴፍ ብሪያ ከሩሲያና ከኢትዮጵያ ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ጥናት የዚህን አሻራ አሳይቷል። ከእናት ብቻ የሚወረሰው የማይቶኮንድሪያ ዲ ኤን ኤ የሚናገረው የዝምድና ታሪክ፣ ከሁለቱም ወላጅ የሚወረሰው የህዋስ አስኳል ዲ ኤን ኤ ከሚናገረው ጋር አልገጠመም። ይህ የሆነው ዝርያዎቹ ከተለያዩም በኋላ በየዘመኑ ሲገናኙ ተዳቅለው ስለነበር ነው።

ስለዚህ የአውሮፓው ቀጠናና የአርሲ ተራሮች አንድ ነገር ይመሰክራሉ፦ የዝርያዎች መለያየት በአንድ ጀምበር የሚፈጸም ሳይሆን፣ መራቅና መቀላቀል እየተፈራረቁበት የሚሄድ ረጅም ጉዞ ነው። የሁለቱ አይጦች ዕጣ ልዩነት ግን ከባድ ነው። የቤት አይጥ የሰው ልጅ በደረሰበት ሁሉ ትደርሳለች፤ የጭላሎዋ አይጥ ከአናቱ በላይ የምትሸሽበት የላትም። አየሩ ሲሞቅና እርሻው ወደ ላይ ሲገፋ ሥፍራዋ ይጠባል፤ የምግብ ገበታው በእንዲህ ያሉ የደጋ አይጦች ላይ የተመሠረተው ቀይ ቀበሮም አብሮ ይጎዳል። በመቶ ሺዎች ዓመታት የተጻፈን የዘር ታሪክ ከሌላ ተራራ አምጥቶ መተካት አይቻልም። የአርሲን ከፍታዎች ከእርሻና ከግጦሽ መስፋፋት መጠበቅ ያለብን ለዚህ ነው።