አይ 7 የሚለው ተለጣፊ ብቻውን አይበቃም

የጥር ሰርግ ሲደራ የነቀምቴ ፎቶ ቤቶች ጭንቀት ከካሜራው ይልቅ ኮምፒውተሩ ነው። በከተማዋ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ያለ ባለሙያ ከአንድ ሰርግ ብዙ መቶ ፎቶ ይዞ ይመለሳል፤ ሙሽሮቹ ደግሞ አልበሙን ቶሎ ይፈልጋሉ።

ያገለገለ ኮምፒውተር ሲገዛ የሚቀድመው ጥያቄ «ኮር አይ ስንት ነው?» ነው። ጎደሎ ጥያቄ! «ስንተኛ ትውልድ?» ተብሎም መጠየቅ አለበት። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው አይ 7-4770 እና በ2022 መጀመሪያ ያወጣው አይ 3-12100 ሁለቱም አራት አራት ኮር አላቸው። ፎቶሾፕ ላይ ግን «ታናሹ» አይ 3 ይቀድማል። ብሩሽና ብዙዎቹ ማስተካከያዎች የሚሰሩት በጥቂት ኮሮች ስለሆነ ወሳኙ የእያንዳንዱ ኮር ፍጥነት ነው።

ፎቶዎችን በጅምላ ወደ ጄፔግ ሲቀይሩ ግን የኮር ብዛት ይጠቅማል።

የፎቶ ማስተካከያው ላይትሩም በ2023 ያመጣው ዲኖይዝ (የፎቶ ነጠብጣብ ማጥሪያ) ሸክሙን በዋናነት ግራፊክስ ካርዱ ላይ ይጥላል። ጨለም ባለ አዳራሽ በከፍተኛ አይኤስኦ የተነሳ ፎቶ፣ ጥሩ ካርድ ባለው ማሽን በሰከንዶች ይጠራል፤ በሌለው ደቂቃዎች ይፈጃል። በኤአይ ምስል የሚሞላው የፎቶሾፑ ጄኔሬቲቭ ፊል በአዶቤ ሰርቨር ስለሚሰራ ግን ኔትወርክ ሲጠፋ የትኛውም ፕሮሰሰር አያድንም።

መብራት ሲጠፋስ? ብዙ ላፕቶፖች ከቻርጀር ሲነቀሉ ፍጥነታቸው ይቀንሳል። በ2020 የወጣው የአፕል ኤም 1 ቺፕ ያለው ላፕቶፕ በባትሪም እምብዛም አይዳከምም፤ አዶቤም በመጋቢት 2021 ፎቶሾፕን ለቺፑ ሲያስተካክል ከቀዳሚዎቹ ተመሳሳይ ማሽኖች በአማካይ 1.5 እጥፍ እንደሚፈጥን ገልጿል።

በጀቱ ለእንዲህ ያለ ማሽን የማይደርስ ከሆነ፣ ያለውን ማሽን ራም 16 ጊጋባይት አድርሶ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መቀየር ይቀድማል።