የወጨጫን ዳገት በሰዓት መለካት

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ጎን የተንሰራፋውን የመናገሻ ሱባን ደን ያህል ለአንድ ቀን የእግር ጉዞ የሚመች ስፍራ በከተማዋ ዙሪያ ጥቂት ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው እንዳስተከሉት በትውፊት ይነገራል። በጽዱና በዝግባው መካከል ጉሬዛ ሲዘል ይታያል፤ ከፍ ሲሉ ኮሶው ይመጣል፤ ከዚያም በላይ ዛፉ እያጠረ ሄዶ አስታው ይተካዋል። ዕፅዋቱ እንዲህ የሚፈራረቁት ብርዱ ስለሚጨምር ነው፤ ያው ብርድ ተጓዡንም ይመለከታል።

አየር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀዘቅዛል። በላብ የራሰ ልብስ ላይ የጫፉ ነፋስ ሲጨመርበት ብርዱ ቴርሞሜትሩ ከሚያሳየው በላይ ይሰማል። ጋቢ ደረቅ ሲሆን ወደር የለውም፤ ጥጥ ግን አንዴ ከራሰ ሙቀት አይዝም። ስለዚህ በቦርሳው ውስጥ ሹራብና የዝናብ ልብስ ቢኖር ይሻላል።

አየሩ ይሳሳልም። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ የባሕር ጠረፉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍ በሚለው የወጨጫ ጫፍ ግን ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። ሳንባ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በዚያው መጠን ስለሚቀንስ ልብ ቶሎ ቶሎ መምታት ግድ ይሆንበታል። የከተማው ነዋሪ በከፊል ለምዶታል፤ ከድሬዳዋ ወይም ከዋሽንግተን ትናንት የገባ እንግዳ ግን አልለመደም፤ እሱን ይዞ የሚወጣ ሰው እርምጃውን በእንግዳው ልክ ያድርግ። መለኪያው ቀላል ነው፦ እየሄዱ ማውራት ካቃተ ፍጥነቱ በዝቷል።

ታዲያ መንገዱ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት እስከ ዛሬ ያገለግላል፦ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለየ600 ሜትር ሽቅብ ሌላ አንድ ሰዓት። ደርሶ መልሱ 12 ኪሎ ሜትር፣ ሽቅቡ 700 ሜትር የሆነ መንገድ እንውሰድ። ርቀቱ ሁለት ሰዓት ከ24 ደቂቃ፣ ዳገቱ አንድ ሰዓት ከ10 ደቂቃ፤ በድምሩ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል። ይህ ግን ለጠንካራ እግርና ያለ ዕረፍት ነው። ለሳሳው አየር፣ ለምሳና ጉሬዛ ቆሞ ለማየት አምስት ሰዓት መያዝ ተገቢ ይመስለኛል። መንገድ ላይ የሚያገኙት ገበሬ «ቅርብ ነው» ቢል እውነቱን ነው፤ ዳገቱ የዕለት መንገዱ ለሆነ ሰው ቅርብ ነው። እንግዳው ግን ርቀቱን በእሱ እግር አይለካው።

እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምወስነው ጫፉን ሳይሆን የመመለሻውን ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት የተነሳ ሰው 5 ሰዓት ተኩል ላይ የትም ይድረስ የት ፊቱን ማዞር አለበት። ምክንያቱም ጠዋት ፀሐይ ያሞቀችው እርጥብ አየር በተራራው ጎን ሽቅብ ይወጣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ደመና ይሆናል። በዝናብ ወራት ያ ደመና ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ነጎድጓድ ይዞ ይወርዳል። ከብልጭታው እስከ ድምፁ ያሉትን ሰከንዶች ቆጥሮ ለ3 ማካፈል መብረቁ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ ይነግራል፤ ቁጥሩ ከ30 ሰከንድ ካነሰ ከገላጣው ጫፍ ቶሎ መውረድ፣ ለብቻው ከቆመ ረጅም ዛፍ ሥርም አለመጠለል ነው። በበጋ ዝናቡ ቢቀርም በኅዳር ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ በአገራችን ኬክሮስ ድንግዝግዙ አጭር ነው፤ ዛፍ ሥር ደግሞ ቀድሞ ይጨልማል።

ስንቅ ብዙ አያስጨንቅም። ቆሎና በሶ ለዚህ የተፈጠሩ ናቸው፤ ውኃ በሰዓት ግማሽ ሊትር ገደማ፣ ለፀሐዩም ባለ ሰፊ ክፈፍ ባርኔጣ። ከደኑ ጥበቃዎች ወይም ከአካባቢው ሰው መንገድ መሪ መያዝ መልካም ነው፤ የሚሄዱበትንና የሚመለሱበትን ሰዓት ለቤተሰብ መንገርም እንዲሁ።

ብዙዎች የሚዘነጉት ቁልቁለቱን ነው። ዳገት ስንወጣ የፊት ጭናችን ጡንቻ እያጠረ ይሠራል። ስንወርድ ግን ያው ጡንቻ ሰውነታችን እንዳይንደረደር ፍሬን እየያዘ፣ እየተለጠጠ ነው የሚሠራው፤ ይህ ዓይነቱ ሥራ የጡንቻ ክሮችን በጥቃቅኑ ይጎዳል። ትንፋሽ ሳይቆራርጥ የተወረደው ቁልቁለት በማግስቱና በሠልስቱ ደረጃ መውረድ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። አጭር እርምጃ፣ በትንሹ የታጠፈ ጉልበትና አንድ ዱላ ጫናውን ይቀንሳሉ። ጡንቻው ሲያገግም ለሚቀጥሉት ሳምንታት ከመሰል ጉዳት ራሱን የሚጠብቅበት አቅም ያዳብራል፤ ስለዚህ ሁለተኛውን ጉዞ ወራት ከማዘግየት በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ውስጥ ማድረግ ይሻላል።