የመተማ ሰሊጥ በማን ስም ይሸጥ?

በጥቅምት ከገንደ ውሃ እስከ ሸንፋ ባለው ቆላ ሰሊጥ ሲደርስ ሁሉም ይጣደፋል። አጨዳው ጥቂት ቀን ከዘገየ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ከደጋ የወረዱት የቀን ሠራተኞች አጭደው ያስሩታል፤ ነዶው ተደጋግፎ ቆሞ ሂላ ይሆናል፤ ሲደርቅ ሸራ ላይ ተገልብጦ ይራገፋል። ከዚያ ኩንታሉ መጋዘን ይገባል፤ ናሙና ይወጣለታል፤ ንጽሕናውና እርጥበቱ ታይቶ ደረጃ ይሰጠዋል። በኢትዮጵያ ምርት ገበያ አመዳደብ ይህ ሰሊጥ «ሁመራ ጎንደር» ነው። መተማ የሚለው ስም ከዚያ ወዲያ አይከተለውም።

ስም ገንዘብ መሆኑን ያየነው በቡና ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ይርጋጨፌን፣ ሐረርንና ሲዳሞን በንግድ ምልክትነት እንዲመዘግብለት የአሜሪካን የፓተንትና የንግድ ምልክት ቢሮ ጠየቀ። ይርጋጨፌ አለፈ። ሐረርና ሲዳሞ ግን የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃውሟቸው፣ የቡና ዓይነት መጠሪያ ናቸው ተብለው መጀመሪያ ላይ ውድቅ ሆኑ። በአቶ ጌታቸው መንግሥቴ ይመራ የነበረው የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በክርክሩ ገፋበት፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ስታርባክስ የስም አጠቃቀም ስምምነት ፈረመ። የሚገርመው፣ ኢትዮጵያ ለፈቃዱ ክፍያ አልጠየቀችም። የፈለገችው ስሙ የማን እንደሆነ እንዲታወቅና ገዢዎቹ እንዲያስተዋውቁት ነበር። እኔ ብልህነት እለዋለሁ፤ ባለቤትነቱ ሳይረጋገጥ ስለ ዋጋ መከራከር ከንቱ ነውና።

መተማ በዚህ መንገድ ልትሄድ ትችላለች? በከፊል አዎ። የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 ቃልን፣ ሥዕልን፣ ቀለምን፣ የማሸጊያን ቅርጽ ሳይቀር ይቀበላል። አንድ ማኅበር አባላቱ በጋራ የሚጠቀሙበትን ምልክት ማስመዝገብም ይችላል፤ ለገበሬ ዩኒየን የሚመቸው ይኸኛው ነው። እንቅፋቱ፣ ዕቃው የመጣበትን ቦታ ብቻ የሚናገር ቃል እንዲሁ የማይመዘገብ መሆኑ ነው። «የመተማ ሰሊጥ» ብሎ ማመልከት አይበቃም፤ ከሌላው የሚለየው ዓርማ ወይም መጠሪያ ሊወጣለት ይገባል። ጥበቃው ለ7 ዓመት ይጸናል፤ በየ7 ዓመቱ ይታደሳል። አዲስ አበባ ላይ የተመዘገበ ምልክት ደግሞ ቻይና ወይም እስራኤል ውስጥ አይሠራም፤ ሰሊጡ በሚሸጥበት አገርም መመዝገብን ይጠይቃል።

ከወረቀቱ ይልቅ የሚከብደው ግን ኩንታሉ ነው። በምልክቱ ስም ጠጠር የበዛበት ወይም ከሌላ ቦታ መጥቶ የተቀላቀለ ሰሊጥ አንዴ ከተሸጠ፣ ስም ካለመኖሩም ይብሳል። ስለዚህ ዩኒየኖቹ ጠበቃ ከመፈለጋቸው በፊት የትኛው ኩንታል ከማን ማሳ እንደመጣ የሚያሳይ የመጋዘን መዝገብ ይያዙ። ማመልከቻው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።