ያውቁ ኖሯል? ከመጋረጃው በፊት ሚዛኑ

በብሪታንያ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወደ ባሕር ዳርቻ የሚወስዱት መንገዶች በነጫጭ ተጎታች ቤቶች ይሞላሉ። ትንንሽ ልጆች ይዞ ሆቴል መግባት ኪስ ያራቁታልና፣ እዚያ ከሚኖሩ ወገኖቻችንም «ካራቫን ብንገዛስ?» የሚሉ አልጠፉም። የዛሬው ዓምድ ለእነሱ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሕጎቹ ደግሞ የእንግሊዝ፣ የስኮትላንድና የዌልስ መሆናቸውን ያዙልን።

ያውቁ ኖሯል? ሻጩ ሶፋውንና መጋረጃውን እያሳየ ሲያዞርዎት፣ ዋናው ጉዳይ የተጻፈው በሩ አጠገብ በተለጠፈች ትንሽ ሰሌዳ ላይ ነው። ሁለት ቁጥሮችን ይፈልጉ። አንደኛው ካራቫኑ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚመዝነው ነው፤ ሚሮ ይሉታል። ሁለተኛው ዕቃ ተጭኖበት ከዚያ በላይ እንዳይመዝን የተወሰነበት ጣሪያ ነው፤ ስሙ ረጅም ስለሆነ ኤምቲፒኤልኤም እያሉ ያሳጥሩታል። ከሁለተኛው አንደኛውን ሲቀንሱ የሚያገኙት ለእርስዎ ዕቃ የተተወው ክብደት ነው። በብዙ የቤተሰብ ካራቫኖች ይህ 150 ኪሎ ገደማ ነው። ብዙ ይመስላል። እስቲ እንጫነው። ከበሩ ፊት የሚተከለው ድንኳን ከ20 ኪሎ በላይ ነው። ካራቫኑን በሪሞት ወደ ቦታው የሚያስገባው ሞተር 30 ኪሎ ገደማ፣ ባትሪው 20፣ ጋዙ ከነሲሊንደሩ ከ10 ኪሎ በላይ። ከግማሽ በላይ አለቀ! ገና ድስቱ፣ ብርድ ልብሱ፣ የአራት ሰው ልብስና የልጆቹ ብስክሌት ደጅ ቆመዋል።

ያውቁ ኖሯል? ለጀማሪ የሚሰጠው የታወቀ ምክር፣ የካራቫኑ ጣሪያ ክብደት ከጎታቹ መኪና ባዶ ክብደት 85 በመቶ አይብለጥ የሚል ነው። 1,600 ኪሎ የሚመዝን መኪና ያለው ሰው እስከ 1,360 ኪሎ ድረስ ያማርጣል ማለት ነው። ይህ ሕግ አይደለም። ሕጉ የሚይዝዎት የመኪናው ፋብሪካ ከወሰነው የመጎተት አቅም ሲያልፉ ነው፤ ያ ቁጥር ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ85 በመቶው እጅግ ይበልጣል። ሻጮችም የሚጠቅሱልዎት እሱኑ ነው። ነገር ግን ፋብሪካው የሚፈትነው መኪናው ሙሉ ጭነቱን ይዞ 12 በመቶ ዳገት ላይ ከቆመበት መነሳት መቻሉን ነው። ሀይዌይ ላይ ነፋስ ከጎን ሲመታ ማን ማንን እንደሚነዳ ከዚያ ቁጥር አያገኙትም። ከኋላ ወንበር ልጆች ላሰረ ወላጅ፣ በእኔ ግምት 85 በመቶውን እንደ ሕግ መያዝ ይሻላል።

ያውቁ ኖሯል? የክብደት ጣጣ በፈረስ ዘመንም ነበር። ለሽርሽር ተብሎ የተሠራ የመጀመሪያው ካራቫን ተደርጎ የሚቆጠረው «ዋንደረር» በ1885 በብሪስቶል ሲሠራ፣ ያዘዘው ጎርደን ስቴብልስ የሚባል ሐኪምና ደራሲ ነበር። ሲጫን 2 ቶን ገደማ ይመዝን የነበረውን ይህን የእንጨት ቤት ሁለት ፈረሶች እስከ ስኮትላንድ ድረስ ጎትተውታል። የሐኪሙ አሽከር ደግሞ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ይዞ ከፊት ከፊት እየሄደ መንገዱን ያጣራ ነበር።

ያውቁ ኖሯል? መኪናዎም የራሱ ሰሌዳ አለው። የፊተኛውን በር ሲከፍቱ ወይም ኮፈኑን ሲያነሱ ያገኙታል። በክብደት የተጻፉት ቁጥሮች አብዛኛውን ጊዜ አራት ናቸው። የመጀመሪያው የመኪናው ብቻ፣ ሁለተኛው የመኪናውና የተጎታቹ አንድ ላይ፣ የቀሩት ሁለቱ የፊትና የኋላ እግሮቹ የሚችሉት ናቸው። የመኪናውና የተጎታቹ ድምር የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ከሆነ፣ ያ መኪና እንዲጎትት አልተፈቀደለትም። የሚያምር፣ አዲስ፣ ጉልበታም ሊሆን ይችላል፤ ግን አይጎትትም። ሊብሬውም ላይ ኦ.1 በሚለው መስመር ፍሬን ያለው ተጎታች እስከ ስንት ኪሎ እንደሚፈቀድ ያያሉ።

ያውቁ ኖሯል? መንጃ ፈቃዱ እንደ ድሮው አያስጨንቅም። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1997 ወዲህ ፈተና ያለፈ ሰው ከበድ ያለ ካራቫን ለመጎተት ሌላ ፈተና ይጠየቅ ነበር። ከዲሴምበር 16 ቀን 2021 ጀምሮ ይህ ቀርቶ እስከ 3,500 ኪሎ መጎተት ተፈቅዷል። ፈተናው ቀረ እንጂ ወደ ኋላ ማስገባቱ አልቀለለም። መሪውን ወደ ቀኝ ሲያዞሩ ካራቫኑ ወደ ግራ ይሄድብዎታል። ባዶ ሜዳ ላይ ከአስተማሪ ጋር አንድ ቀን መለማመድ ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናል፤ በተለይ ባልና ሚስት አንዱ ነድቶ ሌላው ከውጭ «ና፣ ና፣ ቁም!» የሚል ከሆነ።

ያውቁ ኖሯል? ባለ ስድስት አልጋ ካራቫን መግዛት ስድስት ሰው ያጓጉዛል ማለት አይደለም። እየተጎተተ ባለ ካራቫን ውስጥ ሰው ማሳፈር ክልክል ነው፤ ሕፃኑ እንቅልፍ ወስዶት ቢሆንም እንኳ። ስለዚህ የቤተሰቡን ቁጥር የሚወስነው በመኪናው ውስጥ ያለው የደህንነት ቀበቶ ነው። ልጅ 12 ዓመት እስኪሞላው ወይም ቁመቱ 135 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ የልጅ ወንበር ያስፈልገዋል። ሦስት የልጅ ወንበር ጎን ለጎን የሚያስገባ መኪና ደግሞ ከሚገምቱት በታች ነው። ወንበሮቹን ይዘው ወደ ሻጩ ይሂዱ፤ አስረው፣ በሩን ዘግተው ይዩት። እግረ መንገድዎንም የሕፃኑ ጋሪ ከኋላ መግባቱን ይሞክሩ።

አልጋውንም በተመለከተ፣ ለትንንሽ ልጆች ተደራራቢው ቋሚ አልጋ ከሚታጠፈው ሶፋ ይሻላል። ልጆቹ ሁለት ሰዓት ላይ ይተኛሉ፣ እርስዎ ሶፋዎ ላይ ቁጭ ብለው ሻይዎን ይጠጣሉ። ሶፋው ራሱ የልጆቹ አልጋ ከሆነ ግን ምሽቱን ድንኳን ውስጥ ነዎት። ከስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅ የላይኛው አልጋ ላይ እንዳይተኛ ይመከራል።

ያውቁ ኖሯል? ካራቫን ተጎትቶ ኢትዮጵያን አቋርጧል። በ1959 የኤርስትሪም ኩባንያ መሥራች አሜሪካዊው ዋሊ ባያም እንደ ብር የሚያብለጨልጩ 41 ካራቫኖች አሰልፎ ከኬፕታውን ወደ ካይሮ ጉዞ ጀመረ። ሰልፉ ከኬንያ ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ የደቡቡ መንገድ ክፉኛ ፈተነው፤ ሆኖም አዲስ አበባ ደረሱ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ተቀበሏቸው። ከዚያም በሱዳን በኩል ወርደው ካራቫኖቹን በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ አቆሙ። ለዛሬው ገዢ የሚጠቅመው ጎታቾቹ አብዛኞቹ ፒክአፖች መሆናቸው ነው። ለእንዲያ ያለ መንገድ የቤት መኪና አይታመንም።

ያውቁ ኖሯል? ካራቫኑ በመኪናው የመጎተቻ ኳስ ላይ የሚጥለው ሸክም ከጠቅላላ ክብደቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ እንዲሆን ይመከራል። 1,300 ኪሎ ለሚመዝን ካራቫን ከ65 እስከ 91 ኪሎ መሆኑ ነው። ግን መኪናው የሚፈቅደው 75 ብቻ ከሆነ 75ን አይለፉ፤ ከመኪናው፣ ከመጎተቻውና ከካራቫኑ ዝቅተኛው ቁጥር ይገዛል። ለመለካት ውድ መሣሪያ አያሻም። ካራቫኑን ሜዳ ላይ አቁመው ፍሬኑን ይያዙ፤ የመታጠቢያ ቤት ሚዛንዎን ከአፍንጫው ሥር ያድርጉ፣ በላዩ ጣውላ፣ በጣውላው ላይ ቀጥ ያለ አጭር እንጨት ያቁሙ፤ የፊተኛዋን ትንሽ ጎማ እያነሱ አፍንጫው እንጨቱ ላይ እንዲያርፍ ያድርጉና ያንብቡ። በዛ? አንድ ሁለት ዕቃ ወደ ኋላ ይግፉ። አነሰ? ወደ ፊት።

ይህ ቁጥር ለምን ያሳስባል ቢሉ፣ አፍንጫው ቀልሎ ጭራው የከበደ ካራቫን ፍጥነት ሲጨመር ከወዲያ ወዲህ መወዛወዝ ስለሚጀምር ነው። ውዝዋዜው እየሰፋ ሄዶ መኪናውን ጭምር ሊገለብጥ ይችላል። የታሸገ ምግቡንና ድንኳኑን ከጎማዎቹ በላይ፣ ወለሉ ላይ ያስቀምጡ፤ የላዩ ሳጥን ለልብስና ለዳይፐር ነው። ውዝዋዜው ከጀመረዎት መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ ከነዳጁ ላይ እግርዎን ያንሱ፣ ፍሬን አይርገጡ፤ በፍጥነት ላምልጥ ብሎ ነዳጅ መስጠትማ ነገሩን ማባባስ ነው።

ባጭር ባጭሩ ደግሞ፦

በካራቫን የሚፈቀደው ፍጥነት መሀሉ ባልተከፈለ መንገድ በሰዓት 50 ማይል፣ መሀሉ በተከፈለ መንገድና በሞተርዌይ 60 ማይል ነው። ሦስትና ከዚያ በላይ ረድፍ ባለው ሞተርዌይ የቀኙን ዳር ረድፍ መያዝ አይፈቀድም።

ካራቫኑ ከመኪናው ጀርባ ከሰፋ ተጨማሪ ስፖኪዮ የግድ ነው። ቅጣቱ እስከ 1,000 ፓውንድ ይደርሳል፤ መንጃ ፈቃድ ላይም 3 ነጥብ ይመዘገባል።

ካራቫኑ የራሱ ታርጋ የለውም፤ የጎታቹን ታርጋ ይለጥፋል።

በአራቱ ማዕዘን የሚወርዱት እግሮች ካራቫኑ እንዳይንቀሳቀስ የሚያቆሙ እንጂ ክሪክ አይደሉም። በእነሱ ጎማ ሊያነሱ አይሞክሩ።

ኤልዲስ የተባለው ካራቫን ስሙን ያገኘው በ1964 ከመሠረተው ሰው ነው። ሰውየው ሲድል ኩክ ይባላል፤ የመጀመሪያ ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል ከኋላ ወደ ፊት ያንብቡት።

ስፕራይት የተባለውን ርካሽ የቤተሰብ ካራቫን ያስፋፋው ሳም አልፐር፣ በ1958 ሊትል ሼፍ የተባሉትን የመንገድ ዳር ምግብ ቤቶችም የጀመረ ሰው ነው።

ያውቁ ኖሯል? በብሪታንያ ብዙ የካራቫን ማረፊያዎች የሚሰጡት መብራት 16 አምፔር ነው፤ ይህም ወደ 3,700 ዋት ይጠጋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። ስለዚህ እንጀራ እየጋገሩ ውኃ ማፍያውን የሰካ ሰው መብራቱን ያጠፋዋል። ፈረንሳይ ሲሻገሩ 6 አምፔር ብቻ የሚሰጥ ማረፊያ ይገጥምዎታል፤ እዚያ ምጣዱ ከናካቴው አይታሰብም። ጋግሮ መሄድ ነው። ክብደቱም ይቀንስልዎታል።

ቡናው ላይ ግን ቀልድ የለም። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ይገድላል። ከሰሉን ካራቫን ውስጥም፣ ድንኳን ውስጥም፣ በረድ ያለም ቢመስል አያስገቡ። ዝናብ ከሆነ በጋዝ ምድጃው ያፍሉ፤ ቡናው ያው ቡና ነው። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ደወሉም መሥራቱን ቁልፉን ተጭነው ያረጋግጡ።

ያውቁ ኖሯል? የኤሌክትሪክ መኪና ካራቫን ሲጎትት በአንድ ቻርጅ የሚሄደው ርቀት ወደ ግማሽ ይወርዳል። መጎተት የሚችሉ አሉ፤ ቴስላ ሞዴል ዋይ እስከ 1,600 ኪሎ ተፈቅዶለታል። ችግሩ ብዙዎቹ የቻርጅ ቦታዎች ለአንድ መኪና ብቻ የተሠመሩ ስለሆኑ ካራቫኑን ፈትቶ ማቆም የሚጠይቁ መሆናቸው ነው፤ ሕፃን እያለቀሰ። በሌላ በኩል ለመጎተት የተመሰገነው አሮጌው ባለ ናፍጣ ጂፕ ለለንደን ነዋሪ ወጪ አለበት። ዩሌዝ የሚሉት የአየር ብክለት ቀጠና ከኦገስት 29 ቀን 2023 ጀምሮ መላ ለንደንን ሸፍኗል፤ ዩሮ 6 ያልደረሰ ናፍጣ መኪና በተንቀሳቀሰ ቀን 12.50 ፓውንድ ይከፍላል። ከመግዛትዎ በፊት በታርጋው ያጣሩ።

ያውቁ ኖሯል? ካራቫን ዓመታዊ ቦሎ የለውም፤ መንግሥት የሚሰጠው ሊብሬም የለውም። ስለዚህ አሮጌ ሲገዙ መርማሪው እርስዎ ነዎት። ማዕዘኖቹን፣ የመስኮቶቹን ሥርና የአልጋ ሳጥኖቹን ውስጥ በአውራ ጣትዎ ይጫኑ፤ ግድግዳው ከለሰለሰ ውኃ ገብቷል። በእርጥበት መለኪያ እስከ 15 በመቶ አያሳስብም፣ ከ20 በላይ ጥገና ይፈልጋል፤ ጥገናው ደግሞ ግድግዳ ማፍረስ ነው። ጎማው ላይ ያሉትን አራት አኃዞች ይፈልጉ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የካራቫን ጎማ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም በአምስት ዓመቱ እንዲቀየር ይመከራል፤ ሰባት ዓመት ከሞላውማ አይነዱበት።

በመጨረሻ መስኮቶቹን ይመልከቱ። ከ1992 ወዲህ በብሪታንያ የተሠሩ ካራቫኖች መለያ ቁጥራቸው መስታወቱ ላይ ተቀርጿል፤ ክሪስ የሚባለው መዝገብ በዚያ ቁጥር የተሰረቀ ወይም ዕዳ ያለበት መሆኑን በትንሽ ክፍያ ይነግርዎታል። መስታወቱ ላይ ያለው ቁጥር ሻንሲው ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ፣ ወይም ተፍቆ ካገኙት፣ ወይም ሻጩ «ወረቀቱ ቤት ነው፣ ኋላ እልክልዎታለሁ» ካለ፣ ቀብድ ሳይከፍሉ ይመለሱ።